የላይብረሪው ሰው በኢንተርኔት፦ የግል፣ የሙያና የቤቱን ገጽ ለይቶ መያዣ መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ላይ ሻይ የሚጠጣን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሙን የማያውቁ ሰዎች እንኳ «የላይብረሪው ልጅ» ብለው ያውቁታል። ወልድያም፣ ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም ያው ነው። ስለዚህ «አንድ አካውንት ለሥራ፣ አንድ ለግል» የሚለው የተለመደ ምክር በእኛ ከተሞች ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ሁለተኛውን አካውንት በፈለጋችሁት ስም ብትከፍቱት ሳምንት ሳይሞላው የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ደግሞም ሁለት ብቻ አይደሉም፤ ሦስት ናቸው። አንደኛው የግላችሁ ነው፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ እምነት፣ ኳስ። ሁለተኛው የሙያችሁ ነው፤ ጽሑፋችሁ፣ ሥልጠናችሁ፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ያላችሁ ግንኙነት። ይህ ከእናንተ ጋር ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይዞራል። ሦስተኛው የቤቱ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ቴሌግራም ቻናል፣ የፌስቡክ ገጽ፣ ኢሜይል። ይህ የእናንተ አይደለም፤ እንደ መደርደሪያው ሁሉ ንብረት ነው። ብዙ ሰው ግልና ሙያን ለመለየት ሲደክም፣ ጉዳት የሚያመጣው ግን የቤቱ አካውንት በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ቁጥር ተከፍቶ መቅረቱ ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለአንባቢው ሲባል ነው። ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ ፍቺ ሕግ ወይም ከራሱ ውጭ ስላለ ሃይማኖት መጽሐፍ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ፌስቡክ ትናንት ማታ አይቶት ሊሆን ይችላል። ያየው ነገር አፉን ካስያዘው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም ለእሱ የለም። የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ባለሙያው የግል እምነቱንና የሙያ ግዴታውን እንዲለይ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። እምነታችሁን ደብቁ አይልም።

ለሥራው ሁለት ምሽት ይበቃል። ከዚያ ቴሌግራም ራሱ የሚያስጠብቃችሁ 7 ቀን አለ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

1. ያላችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጡ

አንድ ገጽ ወረቀት በአምስት ዓምድ አስምሩ፦ የት (ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ጂሜይል…)፣ በየትኛው ስልክ ወይም ኢሜይል ተከፈተ፣ ማን ያየዋል፣ ሌላ ማን ይገባበታል፣ የማን ነው። ተማሪ ሳላችሁ የከፈታችሁት ፌስቡክ፣ ለአንድ ሥልጠና ተከፍቶ የተረሳ ግሩፕ፣ አድሚን ሆናችሁ የቀራችሁበት ቻናል ሁሉ ይግባ።

ከዚያ ስማችሁን ፈልጉ። ፍለጋውን በኢንኮግኒቶ መስኮት አድርጉት፤ በአካውንታችሁ እንደገባችሁ ብትፈልጉ ሌላው ሰው የሚያየውን አታዩም። በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ ከአባት ስም ጋርም ከመሥሪያ ቤታችሁ ስም ጋርም ሞክሩ።

በመጨረሻው ዓምድ ላይ «ግ»፣ «ሙ» ወይም «ቤ» ብላችሁ ጻፉ። አንዱ ረድፍ ላይ ሁለት ፊደል ለመጻፍ እጃችሁ ከሄደ፣ መጠገን ያለበት እሱ ነው። ክበቡት።

2. የቤቱን አካውንት ከሰው ስልክ አውጡት

ጥገናውን ከዚህ መጀመር አለባችሁ፤ ይህ ሳይስተካከል የቀረው ሁሉ አይጸናም።

የቤቱ ቻናል በአንድ ሠራተኛ ቁጥር ከተከፈተ ሦስት ነገር ይመጣል። ሠራተኛው ሲዛወር ቻናሉ አብሮት ይሄዳል። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሙ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቀርቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሲሸጥ፣ በሺህ የሚቆጠር አንባቢ ያለው ቻናል ባለቤት አልባ ይሆናል። ሦስተኛው በየቀኑ የሚደርስ ነው፤ ሠራተኛው በእረፍቱ ቀን ለወንድሙ የላከው ነገር በስሕተት የቤቱ ቻናል ውስጥ ይወድቃል።

መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ሲም አውጡ። ሲሙን እንደ ማንኛውም ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርጉት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ርክክብ በሚደረግበት ቀን ሲሙ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ ማንም አይጠይቀውም። በመሥሪያ ቤት ስም ማውጣት ካልተቻለ በኃላፊው ስም ወጥቶ የቤቱ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

በዚያ ቁጥር አዲስ ቴሌግራም ክፈቱ። ወዲያው ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ውስጥ ግቡና የይለፍ ቃል አድርጉበት። የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉ የቤቱ ኢሜይል ይሁን። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና አስቀምጡ።

አሁን ዝውውሩ። አዲሱን አካውንት በነባሩ ቻናል አድሚን አድርጉትና ሁሉንም ፈቃድ ስጡት፤ ሌላ አድሚን የመጨመሩንም ጭምር። አንዱ ፈቃድ ከጎደለ «ትራንስፈር ቻናል ኦነርሺፕ» የሚለው መስመር አይታይም። ብዙ ሰው «እኔ ስልክ ላይ የለም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩን ስትነኩ ደግሞ ቴሌግራም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ነባሩ ባለቤት ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ካበራ 7 ቀን ያለፈው መሆኑን፣ በዚያ ስልክ ከገባም 24 ሰዓት የሞላው መሆኑን። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ዛሬ አብሩ፣ ዝውውሩን በሳምንቱ አድርጉ። ሠራተኛው ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው መጀመር አይሆንም።

ከተዛወረ በኋላ ሠራተኞቹ በግል አካውንታቸው አድሚን ሆነው መሥራት ይችላሉ። ሁለት ነገር ግን አስተካክሉ። በቻናሉ ላይ «ሳይን ሜሴጅስ» የሚለው ይጥፋ፤ ከበራ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ የለጠፈው ሰው ስም ይወጣል። በውይይት ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ለአድሚኖች «ሪሜይን አኖኒመስ» ይብራ፤ መልሱ በግሩፑ ስም ይወጣል። አንባቢ ያልወደደው መልስ ሲመጣበት ወደ ቤቱ ይጽፋል እንጂ ሌሊት ለአንዲት ሠራተኛ አይደውልም።

ፌስቡክ ላይ የቤቱ አድራሻ ገጽ (ፔጅ) ይሁን እንጂ እንደ ሰው የተከፈተ ፕሮፋይል አይሁን። በክልላችን በፕሮፋይል የሚሠሩ ተቋማት ብዙ ናቸው። ፕሮፋይል ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም፤ የሰው ላልሆነ ነገር መከፈቱም ደንብ መጣስ ስለሆነ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ የጓደኞቹ ዝርዝር ካልተሸሸገም አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ለዓለም ያሳያል። በገጹ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይኑሩ። አንድ ብቻ ከሆነና አካውንቱ ከተሰረቀ ገጹም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

3. የግል ቴሌግራማችሁ

ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር። «ማን ቁጥሬን ያያል» የሚለውን ኖባዲ አድርጉት። ይህን ስትመርጡ ከሥሩ ሁለተኛ ጥያቄ ይወጣል፦ በቁጥሬ ማን ሊያገኘኝ ይችላል? እሱን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ዘግቶ ሁለተኛውን ክፍት ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥራችሁን በውሰት መዝገብ ዳር ያየ ሁሉ ስልኩ ላይ መዝግቦ ፎቷችሁን ያገኛል።

ፎቶ ላይ ለሁሉም የሚታይ አንድ ተራ ፎቶ ለይታችሁ ማስቀመጥ፣ የቤተሰቡን ለምታውቋቸው ብቻ መተው ትችላላችሁ። «ፎርዋርድድ ሜሴጅስ» የሚለውንም ኖባዲ አድርጉት፤ የጻፋችሁትን ሰው ሲያስተላልፈው ስማችሁ ቢታይም ተነክቶ ወደ አካውንታችሁ አያደርስም። ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን ለምታውቋቸው ሰዎች ብቻ ገድቡት። ሳታውቁ የገባችሁበት የፖለቲካ ግሩፕ አባላት ዝርዝር ውስጥ ስማችሁን አንባቢ ቢያገኘው፣ «ሌላ ሰው ነው ያስገባኝ» ብትሉት ለማሳመን ይቸግራል።

ቴሌግራም በአንድ ስልክ ላይ እስከ ሦስት አካውንት ያለ ክፍያ ይይዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዛችሁ ፎቷቸው ከሩቅ የሚለይ ይሁን፤ ለቤቱ ዓርማው፣ ለእናንተ ፊታችሁ። ሁለቱም ላይ የመጽሐፍ ሥዕል ካደረጋችሁ ትሳሳታላችሁ።

4. ፌስቡክና ቲክቶክ

ፌስቡክ ላይ የቆየው ነው የሚከብደው። «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» የሚል አለ፤ አንዴ ሲነካ ለሕዝብ ክፍት የነበረው የድሮ ጽሑፍ ሁሉ ለጓደኞች ብቻ ይሆናል። መመለሻው አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የምትፈልጉት የሙያ ጽሑፍ ካለ አስቀድማችሁ ቅዱት። የታግ ግምገማውንም አብሩ፤ የሰርግ ፎቶ ላይ ሌላው ታግ ሲያደርጋችሁ እናንተ ሳትፈቅዱ ግድግዳችሁ ላይ አይወጣም።

ከጽሑፍ ይልቅ የሚያጋልጠው ላይክ ነው። ሰው የሚጽፈውን ያስብበታል፤ ላይክ ግን አውራ ጣቱ ነው የሚያደርገው። ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ያደረጋችሁት ላይክና ኮመንት የራሳችሁን ፕሮፋይል ብትቆልፉም ለሁሉም ይታያል፤ የሚገዛው የዚያ ገጽ ቅንብር ስለሆነ። አንድን ብሔር ወይም እምነት የሚያንጓጥጥ ጽሑፍ ሥር የተቀመጠች አንዲት የሣቅ ምልክት በስክሪንሾት ተይዛ ኃላፊያችሁ ጠረጴዛ ላይ ልትመጣ ትችላለች። በየወሩ አንድ ቀን አክቲቪቲ ሎግ ውስጥ ገብታችሁ ያለፈውን ወር ላይክና ኮመንት ተመልከቱ፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቲክቶክ ላይ የወደዳችኋቸው ቪዲዮዎች ዝርዝር «ኦንሊ ሚ» ይሁን፤ አካውንታችሁን በስልክ ቁጥር ለሚያውቋችሁ የሚጠቁመውንም አጥፉ።

5. ስማችሁን አንድ አድርጉ

ካታሎግ ለሚሠራ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ለደራሲ የምናደርገውን ለራሳችን ሳናደርግ እንቀራለን እንጂ።

ወሎ ውስጥ ሰይድ አህመድ፣ መሐመድ አሊ፣ አህመድ መሐመድ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ብቻ ስንት አለ? ላቲን ፊደሉ ደግሞ ያባብሰዋል። መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፦ የመጀመሪያው አናባቢ ኦ ወይም ዩ፣ መካከል ያለው ኤም አንድ ወይም ሁለት፣ የመጨረሻው አናባቢ ኢ ወይም ኤ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሦስት ልዩነቶች ብቻ ስምንት አጻጻፍ ይወጣል። በአንዱ ጽሑፍ አሳትማችሁ፣ በሌላው ኢሜይል ከፍታችሁ፣ በሦስተኛው ሥልጠና ከወሰዳችሁ ፈላጊው ሦስት ሰው ያገኛል።

በፓስፖርት ወይም በዲግሪ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ምረጡና በሙያ ነገር ሁሉ ያንኑ ተጠቀሙ። የአያት ስም ጨምሩ፤ በወሎ ስም የሚለያችሁ እሱ ነው። በግል ገጻችሁ ላይ ግን የቤት ስማችሁን ወይም የራስና የአባት ስም ብቻ ብታደርጉ፣ ሙሉ ስማችሁን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሙያውን ያገኛል። አንድ ፊደል ሳትዋሹና ሳትደብቁ ግልና ሙያን ከምትለዩባቸው መንገዶች ቀላሉ ይህ ነው።

ከዚያ ኦርኪድ (ORCID፣ ለጸሐፊዎችና ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር የሚሰጥ ድረ ገጽ) ላይ ተመዝገቡ። ነጻ ነው፤ 16 አሃዝ ያለው ቋሚ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ስማችሁ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። «ኦልሶ ኖውን አዝ» በሚለው ቦታ ሌሎቹን አጻጻፎችና የአማርኛውን አስገቡ። ቅጹ «ላስት ኔም» ሲል የአባት ስም ነው የሚገባው። በውጭ የመረጃ ቋቶች «አህመድ፣ ሰ.» ተብላችሁ በአባታችሁ ስም ትጠቀሳላችሁ ማለት ነው። ቅር ያሰኛል፤ የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነውና። ነገር ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ ቢያንስ ትገኛላችሁ።

አካውንቱን በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ አትክፈቱ። ሁለተኛ የግል ኢሜይል ጨምሩበት፤ ከመሥሪያ ቤቱ ስትለቁ ኢሜይሉ ይዘጋል፣ የይለፍ ቃል ቢጠፋችሁ መግቢያ የላችሁም። ጉግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይም ለማረጋገጫ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ስለሚጠየቅ፣ ስትዛወሩ አዲሱን መተካት አትርሱ።

የመግለጫ ጽሑፍ (ባዮ) አጭር ይሁን፦ «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ። የምጽፈው የራሴ ነው።» የመሥሪያ ቤቱን ስም በግል ገጽ ላይ አትጻፉ። «የራሴ ነው» የሚለው ሐረግ ጨዋነት ነው እንጂ ጋሻ አይሆንም፤ እሱን ተማምናችሁ የማትጽፉትን አትጻፉ።

6. የቢሮው ኮምፒውተር

የሞባይል ዳታ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ቢሮው መስመር ይሄዳል፤ የግል ቴሌግራም በውሰት ጠረጴዛው ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተውና ተረስቶ የሚቀረው ያን ጊዜ ነው። ተረኛው ተቀይሮ ሌላው ሲቀመጥ የቀዳሚውን ደብዳቤ ሁሉ ያያል፤ አንባቢም በትከሻው ላይ ያየዋል።

ክሮም ላይ ለቤቱ አንድ ፕሮፋይል፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ የየራሱን ክፈቱ፤ ቀለማቸው ይለያይ። የቤቱ አረንጓዴ ከሆነ የሁሉም ዓይን ይለምደዋል። የግላችሁን ቴሌግራም እዚያ መክፈት ግድ ከሆነ ስትወጡ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አቋርጡ። ኮምፒውተሩ ፊት ሳትቀመጡም ቤት ሆናችሁ ማድረግ ይቻላል።

7. ከአንባቢ ጋር

ለአንባቢ የጓደኝነት ጥያቄ ቀድማችሁ አትላኩ፤ ለተማሪ በተለይ። እሱ ከላከ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሁኑ፦ ወይ ሁሉንም ተቀበሉ፣ ወይ ማንንም። የአንዱን ተቀብላችሁ የሌላውን ከተዋችሁ «ለእሱ መጽሐፍ ያስቀምጥለታል» የሚል ወሬ ይከተላል፤ ወሬውም ሁልጊዜ ሐሰት አይሆንም።

በግል የመልእክት ሳጥን የመጽሐፍ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት ነውር ነው፤ መመለስም ልማድ ያደርገዋል። መካከሉ እንዲህ ነው፦

«ሰላም ነህ? መልእክትህ ደርሶኛል። የመጽሐፍ ነገር በቤቱ ቴሌግራም ብትጠይቅ ተረኛው ወዲያው ያይልሃል፤ እኔ ከሥራ ውጭ ስሆን መዝገቡ እጄ ላይ የለም። አድራሻው ይኸው።»

ለአዛውንት አንባቢ ደግሞ፦

«ጋሼ እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ያሉትን መጽሐፍ በቤቱ ቁጥር ቢጠይቁልኝ ነገ ጠዋት ተፈልጎ ይቆይዎታል። ካልተመቸዎት ልጅ ይላኩ፣ እኛ እናየዋለን።»

ጥያቄውን ወደ ቤቱ አካውንት ራሳችሁ አታስተላልፉ፤ ሰውየው ለእናንተ ብቻ የጻፈውን ለተረኞች ሁሉ አሳያችሁበት ማለት ነው። እሱ ራሱ ይጻፍ።

ማን ምን እንደተዋሰ በየትኛውም አካውንት አይነገርም፤ ለማሞገስም ቢሆን። «ይህ ተማሪ በአንድ ወር 12 መጽሐፍ አነበበ» ብሎ ፎቶ መለጠፍ የሚያስመሰግን ይመስላል፤ ልጁ የትኞቹን እንደሆነ የሚጠይቅ ኮመንት ሥር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የውሰት መዝገብ የግል መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚመለከተውም እንዲህ ያለውን ነው። ስሙን ትቶ «አንድ አንባቢ» ማለትም አያድንም፤ ከተማው ትንሽ ነው።

በዓልን በተመለከተ፦ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ውስጥ አባት ሙስሊም፣ እናት ክርስቲያን ሆነው ሁለቱም በዓል ይከበራል። የቤቱ ገጽም እንደዚያው ነው መሆን ያለበት። በመስከረም የዓመቱን በዓላት ዘርዝሩ፤ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐ፣ መውሊድ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ለሁሉም የምስሉ መጠንና የቃሉ ርዝመት እኩል የሆነ ካርድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የሚጎዳው በክፋት መተው አይደለም፤ ተረኛው የራሱን በዓል አስታውሶ የሌላውን መርሳቱ ነው፤ አንባቢ ግን ይቆጥረዋል። በግል ገጻችሁ መዝሙርም መንዙማም ብትለጥፉ መብታችሁ ነው። ከሃይማኖት ክርክር ግን ውጡ፤ በማግሥቱ ከወዲያኛው ወገን መጽሐፍ የሚጠይቅ ሰው አለና።

ስለ 2014 ዓ.ም. ጦርነትም እንዲሁ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያንን ዘመን ያላለፈ አንባቢ የለም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረት የተዘረፈው ያን ጊዜ ነው። የጠፋ መጽሐፍ ዝርዝር፣ የልገሳ ጥሪ፣ የተመለሰ ስብስብ በቤቱ ስም፣ በቁጥርና በቀን ይውጣ። ሐዘናችሁ የራሳችሁ ነው፤ በራሳችሁ ገጽ ጻፉት፤ ወገን እየጠራችሁ የምትወቅሱበት ከሆነ ግን የተጠራው ወገን ልጅም አንባቢያችሁ መሆኑን አስባችሁ።

በፈተና ሰሞን «የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰረቀ» የሚል ነገር ሲመጣ በየትኛውም አካውንት አታስተላልፉ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከወጣ ቅጣቱን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። የግል ገጻችሁ ጥቂት መቶ ሰው ይኖረዋል፤ የቤቱ ቻናል ግን ያንን ቁጥር አልፎ ሊሆን ይችላል።

8. ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ ብራና

የአዲስ መጻሕፍት ፎቶ ስታነሡ ጠርዙን እዩ። ከመጻሕፍቱ ጀርባ የተከፈተ የኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር) ገጽ መጽሐፍ የተዋሰውን ሰው ስም ይዞ ይታያል፤ በጠረጴዛው ጥግ የተማሪ መታወቂያ ተቀምጧል፤ በንባብ ክፍሉ የተቀመጠችው ልጅ የያዘችው መጽሐፍ ርዕስ ይነበባል። ከፊት ለፊት ሳይሆን ከመደርደሪያው ጎን አንሡ፤ ሰው ካለ ጠይቁ።

ፒዲኤፍ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ በስካን ተነሥቶ በግል ቻናል ሲለቀቅ «የላይብረሪው ልጅ ነው የላከው» ይባላል። በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ዐዋጁ ለቤተ መጻሕፍት በጠባቡ የማባዛት ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ግን ለተቋሙ ነው፤ ከእናንተ ጋር ወደ ቤት አይሄድም። በግል ቻናላችሁ ስለ መጽሐፉ ጻፉ፣ ሽፋኑንና ማውጫውን አሳዩ፣ የት መደርደሪያ እንዳለ ተናገሩ፤ ሰው ወደ ቤቱ ይመጣል።

ብራና ከሁሉም ይለያል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል ያለበት አካባቢ ነው ያለነው፤ ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ በሚባሉት የወሎ የእስልምና ማዕከላት ደግሞ የዓረብኛና የዐጀም (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ) ጽሑፎች አሉ። ለጥናት ስትሄዱ ያነሣችሁት ፎቶ የባለቤቱ አደራ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የስልኩን ካሜራ የቦታ ምልክት አጥፉ። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልከው ያንን መረጃ ያራግፈዋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን የት እንደተነሣ አብሮ ይሄዳል። ለሌባ ካርታ መስጠት ነው። ለግል ገጽ የሚሆን የብራና ፎቶ የለም፤ በቤቱ ስምም ቢሆን የገዳሙ አስተዳደር ወይም ሸሁ ፈቅደው ነው።

9. በተሳሳተው አካውንት ሲወጣ

ይደርሳል። መጀመሪያ ስክሪንሾት ያዙ፤ ምን እንደተባለ ኋላ ለኃላፊ ማሳየት ይኖርባችኋል። ከዚያ ለሁሉም በሚለው ሰርዙ። ማንም ካላየው በዚህ ያበቃል። ካዩት ዝም ብሎ መሰረዝ ያስጠረጥራል፤ በዚያው ገጽ ይህን ለጥፉ፦

«ከጥቂት ደቂቃ በፊት እዚህ የወጣው አስተያየት የቤተ መጻሕፍቱ አይደለም። በስሕተት የተለጠፈ ስለሆነ አንሥተነዋል። አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«አካውንታችን ተጠልፎ ነው» አትበሉ። ውሸት ከመሆኑም ሌላ በእውነት በተጠለፈ ቀን የሚያምናችሁ አይኖርም። ኃላፊያችሁ ከሌላ ሰው ሳይሰማ ከእናንተ ይስማ፤ ማታ ቢሆንም ደውሉ።

10. ስትለቁ ወይም ስትዛወሩ

ከመልቀቂያው ደብዳቤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ፤ ያ 7 ቀን እንዳለ አትርሱ። በርክክብ ሰነዱ ላይ ሲሙ፣ የቻናሉ ስም፣ ባለቤት የሆነው አካውንት፣ የገጹ አድሚኖችና የታሸገው ፖስታ በየመስመራቸው ይጻፉ። ተረካቢው አጠገባችሁ ተቀምጦ በራሱ ስልክ አንድ የሙከራ ጽሑፍ ለጥፎ ይሰርዝ፤ በወረቀት ላይ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሞ ኋላ መግባት አቅቶት የሚደውል ብዙ ነው። ከዚያ አድሚንነታችሁን ራሳችሁ አንሡ፣ የይለፍ ቃሉን ተረካቢው ይቀይር፣ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለውን የክሮም ፕሮፋይላችሁን ሰርዙ። ኦርኪዱ ላይ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት አታጥፉ፤ የማብቂያ ቀን ጻፉበትና አዲሱን ከሥሩ ጨምሩ።